ሳትሸራርፍ ተረጎመችለት

ኦድያ መንበሩ ያን ዕለት ከቤቷ ስትወጣ ልቧ በደስታ ሞልቶ ነበር። አሽዶድ የባሕር ዳር አገሮችን የወጣቶች ጨዋታ ለማስተናገድ መጠየቋ በይፋ የሚነገርበት ቀን ነው፤ የዚያ ሁሉ ዝግጅት ቃል አቀባይ ደግሞ እሷ ናት። ወላጆቿ ከጎንደር መጥተው እዚሁ የወለዷት ልጅ፣ በኢሪያው፣ ማለትም በከተማዋ ማዘጋጃ ቤት፣ እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበረች። እናቷ ካሰች ነጩን ሸሚዝ ራሷ ተኩሳ፣ “ማንም ፊት አንገትሽን እንዳትደፊ” ብላ ሸኝታታለች።

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። መድረኩ መካከል በሰማያዊ ጨርቅ የተሸፈነ ሰፊ ጠረጴዛ አለ፤ ከጨርቁ ሥር ከተማዋ ጨዋታውን ስታስተናግድ ምን እንደምትመስል የሚያሳይ ሞዴል ተቀምጧል። የዝግጅቱ ኃላፊ ራፋኤል፣ ማይክሮፎን የማያስፈልገው ባለ ነጎድጓድ ድምፅ ጎልማሳ፣ ጨርቁን አብራው እንድትገልጥ ጠራት። በአንዱ ጫፍ እሱ፣ በሌላው እሷ ይዘው ሳቡት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ኦድያ ለካሜራው ፈገግ አለች።

ከዚያ ዓይኗ ወደ ታች ወረደ። ማሪናው ትንንሽ ነጫጭ ጀልባዎቹን ደርድሮ በቦታው አለ። አዲሱ የዋና ስታዲየም አለ። ሮቫ ቴት በሚባለው ሰፈር ፎቆች መካከል ግን፣ የልጆቹ መሮጫ ሜዳ መሆን በነበረበት ስፍራ፣ ግራጫ መደብ ተነጥፎ የጣት ጥፍር የሚያካክሉ አውቶቡሶች ተሰልፈውበታል። እሷ ባየችው ንድፍ ላይ ይህ አልነበረም።

ወዲያው ኤላድን በዓይኗ ፈለገችው። “ና፣ ትኮራብኛለህ” ብላ የጠራችው ራሷ ናት። ኤላድ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በዚያው ሜዳ ላይ የሰፈሩን ልጆች ሩጫ ያሠለጥናል። የተገናኙትም እዚያ ነበር። ባለፈው በጋ ለዝግጅቱ ፎቶ ልታነሳ ሄዳ ልጆቹን አሰልፍልኝ ብትለው፣ “አይሰለፉም። ሲሮጡ አንሺያቸው” ብሎ መለሰላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ልቧ ከሱ ተለይቶ አያውቅም።

አሁን ከፊት ረድፍ ቆሞ ሞዴሉን ያያል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። በዚያችው ቅጽበት ፎቶ አንሺው፣ “ወዲህ! ፈገግ!” ብሎ ጮኸ፤ የኦድያ ከንፈርም እንደ ልማዱ ታዘዘ።

ኤላድ አያት። ከዚያም ጀርባውን ሰጥቷት ወጣ። ጭብጨባው አላቆመም፤ ለእሷ ግን ከሩቅ እንደሚመጣ የዝናብ ድምፅ ነበር፣ ፈገግታዋም የሌላ ሰው ፊት ላይ የቀረ መሰላት።

በማግስቱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማሪናው ላይ፣ ጀልባዎቹ በሚታሰሩበት ዳር አገኘችው። ቀድሟት መጥቶ ቆሟል። እጁን አልዘረጋላትም።

“ፈገግ ስትዪ አየሁሽ” አላት።

“ኤላድ፣ ስማኝ። እኔም ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በማን ልማልልህ?”

“አትማዪ፣ አምንሻለሁ።”

ይህን አልጠበቀችም። እፎይ ልትል ስትል ግን ቀጠለ፦

“ባላምንሽ ይሻለኝ ነበር። ውሸታም ነሽ ብዬ እጠላሽና ይወጣልኝ ነበር። አንቺ ግን አየሽ፣ ገባሽ፣ እኔንም አየሽኝ፣ ከዚያም ሣቅሽ። እኔ ይህን የት ላድርገው?”

“መድረክ ላይ ነበርኩኮ! ምን ላድርግ? ልጩህ?”

“አዎ።”

“እንዲህ ቀላል ነው?”

“ቀላል ነው አላልኩም።”

ኦድያ ንዴትና እንባ አንድ ላይ መጡባት። “እኔ በዚህ ጨዋታ አምናለሁ፣ ኤላድ። አሽዶድ ሲባል ሰው ወደብና ክሬን ብቻ ነው የሚያስበው። ያንተ ልጆች ከተማቸው በቴሌቪዥን ስትታይ ቢያዩ ክፉ ነው?”

“ልጆቼ ያያሉ። ተቀምጠው ያያሉ። መሮጫቸው ላይ አውቶቡስ ቆሞበታላ!” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እዚህ አገር ስገባ ስምንት ዓመቴ ነበር። ቅድመ አያቶቿ ክርስቲያን ሆነው ስለነበር ኢማ፣ እናቴ፣ ወደ ይሁዲነት የተመለሰችው እዚህ ከመጣን በኋላ ነው፤ ታውቂያለሽ። ትምህርት ቤት ውስጥ ነጮቹ ኢትዮጵያዊ ይሉኛል፤ የኛዎቹ ደግሞ ‘እናንተ ከኛ አይደላችሁም’ ይሉኛል። ሚግራሹ፣ ሜዳው ላይ ግን ማን ነህ ያለኝ የለም። ሩጥ ነው ያሉኝ። ሮጥኩ።”

ልትነካው እጇን ዘረጋች፤ ግን መሃል ላይ ቆመች።

“አባትሽስ?” አላት። “እጁን ያወጣል፣ አይደል?”

ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። አባቷ የከተማዋ ምክር ቤት አባል ነው፤ ዝግጅቱ እንዲጸድቅ ደግሞ የከንቲባው ወገን ድምፅ አልሞላለትም፤ የመንበሩ እጅ ታስፈልገዋለች።

“ከአንቺ ጋር ጥል የለኝም” አለ ኤላድ። “ግን ያን ጊዜ ስታዪኝ፣ እኔን ነው ያየሽው ወይስ አዳራሹን?”

መልስ ሳይጠብቅ ሄደ። ኦድያ ብቻዋን ቀረች። ጥያቄው ያመማት ስለ ጨከነባት አልነበረም፤ መልሱን ስለማታውቀው እንጂ።

ቤታቸው ሮቫ ቴት ቫቭ ነው፣ ከሮቫ ቴት ሌላ፣ አዲሶቹ ፎቆች ያሉበት ሰፈር። ስትገባ አባቷ መንበሩ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ዜና ያዳምጣል። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ፊቱ ቆመች።

“አባ፣ ስለ ሜዳው ታውቅ ነበር?”

መንበሩ ሬዲዮኑን ዝቅ አደረገ። “አውቅ ነበር።”

“እኔ እንደማላውቅስ?”

“እሱንም አውቅ ነበር።”

ካሰች ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ሁለቱንም አየቻቸው፤ ነገር ገባት መሰል ተመልሳ ገባች።

“ተቀመጪ ልጄ” አለ መንበሩ። “ሽማግሌዎቻችን ሰው ሲሞት ሐዘን የሚቀመጡበት ጣራ የላቸውም። በፀሐይ በዝናብ ድንኳን እንለምናለን። ራፋኤል አዳራሽ ይሠራላችኋል ብሎኛል። በምን አገኘዋለሁ? በዚች እጄ ነው። ሌላ ነገር የለኝም።”

“ሜዳውስ?”

“ሌላ ይሠራል።”

“መቼ?”

“ይሠራል ተብሏል።” ፊቱን አዞረ። “ደግሞ ይህን ሁሉ የምትጠይቂኝ ለሜዳው ነው ወይስ ለሐረጊቱ ልጅ፣ ለኤላድ?”

ኦድያ ፊቷ ተቃጠለ፤ ግን አልካደችም። “ለሁለቱም።”

“እኛ ለሃይማኖታችን ስንሰደድ፣ ሱዳን በረሃ ላይ ወንድሜን ስቀብር፣ የእነሱ ሰዎች የት ነበሩ? አገር ሰላም ሲሆን መጡ።”

“ኤላድ ያኔ አልተወለደም፣ አባ። ጦሩ ሲጠራው ግን ‘ወላጆችህ መቼ መጡ’ አላለውም። ሄደ።”

መንበሩ ከንፈሩን ነከሰ። ወንድሙ ትዝ ብሎት ነው። ኦድያም ያን አይታ ልቧ ራራ። አባቷን ሳትጠላው ልትቃወመው እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት፤ ከሁሉ የከበዳትም ይኸው ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ለኤላድ በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት ትቀዳለች፣ ታጠፋለች። “ናፈቅኸኝ” ትላለች፤ ታጠፋዋለች። “ልክ ነህ” ትላለች፤ ታጠፋዋለች። እሱም ባትሰማም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ስልኳ ላይ ‘እየቀዳ ነው’ የሚለው ጽሑፍ ብቅ ይልና ተመልሶ ይጠፋል። ያን ባየች ቁጥር ግን ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ ይላታል። ቢያንስ ሁለቱም በአንድ ዝምታ ውስጥ ነበሩ።

የጨዋታው ፌዴሬሽን ልዑካን ከተማዋን ሊጎበኙ የመጡት ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው። ኦድያ አስተናጋጅም አስተርጓሚም ናት። መኪናው ውስጥ ራፋኤል ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ “ሮቫ ቴት ላይ ብዙ አንቆምም። ነዋሪዎቹ ተስማምተዋል በያቸው፣ አጠር አድርገሽ፣ ለስለስ አድርገሽ” አላት። ከኋላ ወንበር የምክር ቤቱን አባላት ወክሎ መንበሩ ተቀምጧል። ሰማ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሰው ይጠብቃቸዋል። ልጆች የሩጫ ልብሳቸውን ለብሰዋል። ወላጆች ከሥራ ቀርተው መጥተዋል። አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ከጥላው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከመካከላቸው ነጠላዋን ያጣፋችው ቀጭን ሴት ሐረጊቱ ናት፣ የኤላድ እናት። ኤላድ ከሁሉም ፊት ቆሟል። ማንም አይጮህም፤ ሁሉም ወደ እንግዶቹ ያያል።

የልዑካኑ መሪ፣ ፀሐይ ያቀላት ረጅም ሴት፣ ቆም አለች። “ይህ ወጣት የሚለው ያለው ይመስላል። ላናግረው እፈልጋለሁ።”

ራፋኤል ሣቀና በዕብራይስጥ ለኦድያ፣ “ሁለት ቃል ይበልና እንሂድ። አንቺ ታሳጥሪዋለሽ” አላት።

ኤላድ እንግሊዝኛ ይሰማል፤ የአሠልጣኝነት ትምህርቱን የተማረው በእንግሊዝኛ ነው። ሲናደድ ግን ምላሱ እምቢ ይለዋል። በዕብራይስጥ ጀመረ። ወደ ኦድያ አላየም፤ እንደ ማያውቃት ሰው ነጩን የሜዳ መስመር እያየ ተናገረ።

“ጨዋታችሁን አልጠላም። ሩጫ ያሳደገው ሰው ጨዋታ እንዴት ይጠላል?”

ኦድያ ተረጎመች።

“ግን የዓለምን ወጣቶች ለመጋበዝ ብላችሁ የኛን ወጣቶች ከቤታቸው አታስወጡ። ይህ ሜዳ ቤታቸው ነው።”

ተረጎመች። ራፋኤል ጉሮሮውን ጠረገ።

“የዚህ ሰፈር ሰው አዲስ ነገር ሲመጣ ሁልጊዜ የሚነገረው መጨረሻ ላይ ነው። ስንመጣ የት እንደምንኖር ሌላ ሰው ወሰነ። ስማችንን ሌላ ሰው ለወጠው። አሁንም ማንም አልጠየቀንም። ብንጠየቅ እኮ መንገድ እንፈልግ ነበር።”

እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረ። ራፋኤል በሹክሹክታ፣ “ይበቃል፣ ይህን ዝለዪው” አለ። ኦድያ አልዘለለችውም። የኤላድን ቃል አንድ በአንድ፣ ሳትሸራርፍ፣ ሳታለሰልስ፣ የተሰበረበትም ቦታ ላይ ራሷ እየተሰበረች ተረጎመችው። ኤላድ እያንዳንዱን ቃል ሰማ። ቀስ ብሎ ከመስመሩ ላይ ዓይኑን አንሥቶ አያት።

መሪዋ ወደ ኦድያ ዞረች። “ማዘጋጃ ቤቱ ግን ነዋሪዎቹ ተስማምተዋል ብሎናል። እውነት ነው?”

ኦድያ አባቷን አየች፤ ራፋኤልን አየች፤ ከዚያ ኤላድን አየች። በዚህ ጊዜ ማንን እንዳየች አውቃዋለች።

“አልተስማሙም፤ አልተጠየቁምም” አለች በእንግሊዝኛ። “እኔ ጨዋታው ወደ ከተማዬ እንዲመጣ ከልቤ እፈልጋለሁ። ስለዚህ ሜዳ ግን ከእሱ ጋር ነኝ።”

ወላጆቹ እንዲሰሙ በዕብራይስጥ ደገመችው። ከአግዳሚው ላይ አንድ ሽማግሌ፣ “ምን አለች ልጅቱ? ለኛም ንገሪን እንጂ!” አሉ።

ኦድያ ወደ ጥላው ዞረች። “እኔ ከኤላድ ጋር ነኝ” አለች በአማርኛ።

አፏ ካወጣው በኋላ ነው የሰማችው። በእንግሊዝኛ ስለ ሜዳ የነበረው ቃል በአማርኛ፣ በአባቷና በሽማግሌዎቹ ፊት ሌላ ነገር ሆኗል። አሮጊቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሐረጊቱ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። መንበሩ ከመኪናው አጠገብ እንደ ቆመ ቀረ። ኦድያ ግን አንገቷን አልደፋችም፤ ቃሉን ልመልሰው ብትል እንኳ የምትመልስበት ጥግ በልቧ ውስጥ አልነበረም። ፈርታ ነበር፤ እንዲህ ያለ ዕረፍትም ተሰምቷት አያውቅም።

ራፋኤል መኪናው ውስጥ ሲገባ፣ “ነገ ቢሮ አትምጪ” ብሏት በሩን ዘጋው። ልዑካኑ ሄዱ። ሰዉ ተበተነ። ኤላድ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

“ምንም አልቀነስሽም” አላት።

“ምንም አልጨመርኩምም።”

“ጨምረሻል እንጂ። መጨረሻ ላይ።”

“ያ ትርጉም አልነበረም” አለች፣ እንባዋ እየወረደ እየሣቀች። “ያ የራሴ ነው።”

ኤላድ እጇን ያዘ። “እንጀራሽን አሳጣሁሽ።”

“ዳይ፣ ይበቃል። ሥራ ይገኛል። አንተ ፊትህን ስታዞርብኝ ነው ያለቅሁት።”

“ዳግመኛ አላዞርም” አላት። ምሎ አልነበረም፤ ግን ከመሐላ በላይ አመነችው፤ ልቧም ቦታው ተመለሰ።

መንበሩ ሦስት ቀን ሙሉ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ካሰች ሳህን ስታቀርብለት ሆን ብላ ኳ ታደርገዋለች፤ እሷም አኩርፋው ነበር። ምክር ቤቱ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ኦድያና ኤላድ ለሕዝብ በተፈቀደው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መንበሩ አያቸው። ተራው ሲደርስ እጁን ከማውጣት ይልቅ ተነሥቶ ቆመ።

“ጨዋታውን እደግፋለሁ” አለ፣ በዚያ ጎንደርኛ ባልለቀቀው ዕብራይስጡ። “ግን የሮቫ ቴት ሜዳ አይነካ። ይልቅ ታድሶ የእንግዶቹ መለማመጃ ይሁን፤ ከጨዋታው በኋላም ለልጆቹ ይመለስ። አውቶቡሶቹ ወደብ መንገድ ላይ ባለው ባዶ መሬት ይቁሙ። ይህ በጽሑፍ ካልገባ እጄ አይወጣም።”

አዳራሹ ተንጫጫ። ራፋኤል ሮጦ ወደ ከንቲባው ወገን አጎነበሰ፤ ተንሾካሾኩ፤ አኮረፉ፤ ድምፃቸውን ቆጠሩ። ኋላ ግን ተስማሙ። የልዑካኑ መሪም ሜዳው ላይ ስለሰማችው ነገር ማብራሪያ ጠይቃ ስለነበር ከዚህ የተሻለ መውጫ አልነበራቸውም። መንበሩ እጁን አወጣ።

ከስብሰባው ሲወጡ ኦድያ ደረጃው ላይ ደረሰችበት። “አባ... ለምን?”

መንበሩ ደረጃው ላይ ቆመ። “ያን ቀን አንቺን ተቆጥቼ ልሄድ ስል ያች ሴት መጣች፤ ሐረጊቱ። ‘በልጄ ምክንያት ልጅዎ ሥራዋን አጣች፤ ይቅር ይበሉኝ’ አለችኝ። ይቅርታ ልጠይቃት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። የልጇን መሬት የሰጠሁት እኔ።” የደረጃውን መደገፊያ ያዘ። “ለሽማግሌዎቹ ጣራ እፈልጋለሁ ብዬ የልጆቹን መሬት አሳልፌ ሰጠሁ። ጣራውን በሌላ መንገድ እጠይቃለሁ።”

ኦድያ አቅፋው ደረቱ ላይ ተደፋች። እሱም፣ ከልጅነቷ ወዲህ እንዳላደረገው፣ ፀጉሯን ዳበሳት፤ በዚያ እጅ ሥር ተመልሳ ትንሽ ልጅ ሆነች።

ጨዋታውን በመጨረሻ ያገኘችው ባሕር ማዶ ያለች ሌላ ከተማ ነበረች። ኦድያ ትንሽ አለቀሰች፤ እውነቷን ነው፤ ብዙ ደክማበታለች። ራፋኤልም ብዙ ሳይቆይ፣ “አሽዶድ እውነት የሚናገር ሰው አላት ብለው ልዑካኑ ጻፉ፤ ባንቺ ነው የተመሰገንነው” ብሎ እያጉረመረመ ወደ ሥራዋ መልሷታል። የሮቫ ቴት ሜዳ ግን እድሳቱ ቀድሞ ተጀምሮለት ስለነበር ቀይ መሮጫና መብራት ይዞ ቀረ።

አንድ ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ መንበሩና ካሰች ለብሰው ሮቫ ቴት ወዳለው የሐረጊቱ ቤት ሄዱ። ሐረጊቱ በሩን የከፈተችው ፈራ ተባ እያለች ነው። ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ይቆጠራል፤ ተጋቢዎቹ ሥጋ እንዳይሆኑ እስከ ሰባት ቤት ይታያል። ለሷ ግን ‘የማን ዘር ነሽ’ የሚለው ጥያቄ በዚህ አገር ብዙ ጊዜ የተጠየቀችው በር ሊዘጉባት ሲፈልጉ ነበር። ኤላድም ይህን ያውቃልና አጠገቧ ቆሞ ትከሻዋን ያዘ።

መንበሩ ከተቀመጠ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። “እትዬ ሐረጊቱ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ከእኔ ይጀመር። እርስዎ ያድምጡኝ፤ የሚያውቁት ስም ካለ ያቁሙኝ።”

ሐረጊቱ ቀና ብላ አየችው። መንበሩም አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እየጠራ፣ መንደራቸውን እየጠቀሰ ወደ ላይ ወጣ። ሲጨርስ ካሰች የራሷን ቆጠረች። ቀጥሎ ሐረጊቱ ጀመረች፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ኋላ ድምፅዋ እየጠነከረ፣ የሟች ባሏንም የራሷንም ወገን ጠራች። እዚህ ቤት ስሞቹን በሙሉ ሰምቶ የሚያከብር እንግዳ መጥቶ አያውቅም ነበር። ኦድያና ኤላድ ከማዶ ለማዶ ይተያያሉ፤ አንድ ስም እንኳ እንዳይገጥም እየጸለዩ።

ሐረጊቱ ጨረሰች። መንበሩ ጣቶቹን አጥፎ አሰበ፤ ካሰችን አየ፤ ካሰች ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ፊቱ ቀስ በቀስ በራ።

“ዘመድ አይደለንም” አለ። “እንግዲህ እትዬ ሐረጊቱ፣ እንዛመድ።”